የእትዬ ማሚቴ በርበሬና የአስያ ዓይን

እትዬ ማሚቴ ሰው ሲያስተዋውቁ ከስም በፊት አገር ያስቀድማሉ። «ይቺ የሐይቅ ናት፤ ይቺ የአዲስ አበባ ናት፤ እኔ የቡሬ ነኝ» ይሉና ቡሬን የማያውቅ ሰው ካጋጠማቸው ከልባቸው ያዝኑለታል። ለእሳቸው ቡሬ ማለት በርበሬ ነው። ሌላው አገር የሚያበቅለው እንደ ነገሩ ቀይ ቀለም ነው፤ እዚህ ሱቅ ውስጥ በፕላስቲክ ታሽጎ የሚሸጠውንማ ስሙን መጥራት እንኳ አይፈልጉም። በዚህ ጉዳይ ከእሳቸው ጋር ተከራክሮ የጨረሰ ሰው አላየሁም፤ ያየሁት ጀምሮ የተወ ነው።

የምንኖረው ሻርጃ፣ አል ናህዳ ነው። መንገዱን ሲሻገሩ ዱባይ ነው፤ ችግሩ መሻገሩ ላይ ነው። እኔ ሕሊና፣ ዱባይ ውስጥ ኡድ ሜታ በሚባል ሰፈር ባለ አንድ የጥርስ ክሊኒክ እንግዳ እቀበላለሁ፤ የሚቀረኝን ዕድሜ አውቶቡስ ውስጥ ቆሜ እጨርሰዋለሁ። ስድስት ሴቶች አንድ ክፍል ውስጥ በቤድ ስፔስ፣ ማለትም አልጋ ብቻ ተከራይተን፣ እንኖራለን፤ አልጋዎቹ ተደራራቢ ናቸው። እትዬ ማሚቴ ከታች ይተኛሉ፤ ከላያቸው አስያ ትተኛለች። ከሁላችንም በፊት እዚህ ቤት የገቡት እነሱ ናቸው፤ ለብዙ ዓመት ከመደራረባቸው የተነሳ አንዷ ስትገላበጥ ሌላዋም ትገላበጣለች።

እትዬ ማሚቴ ጁሜይራ አንዲት ማዳም ቤት ምግብ ያበስላሉ። የማዳም ግቢ ሰፊ ነው፤ ያለው ግን ሣርና አበባ ብቻ ነው። ይህ ነገር እትዬ ማሚቴን ያንገበግባቸዋል። ይህን የሚያህል መሬት ይዞ ሣር ማብቀል ምን ይባላል፣ ላም እንኳ የላቸውም ይላሉ። አንድ ጊዜ ጥግ ላይ በርበሬ ልትከል ብለው ለመኑ፤ ማዳም ሳቀች፣ ከዚያም ላ፣ አይሆንም አለች። ስለዚህ በርበሬው የበቀለው እኛ በረንዳ ላይ ነው።

ባዶ የቀለም ባልዲዎች ለቃቀሙ፤ ከሥር በሷቸው፤ ከእያንዳንዱ ሥር ዝርግ ሳህን አድርገው ከበሩ እስከ ግድግዳው በተራ ደረደሯቸው። ከበሩ አጠገብ ያለውን ባልዲ በኩሬ ነው ብለው ከሌሎቹ አበለጡት፤ ማዳም ግቢ ውስጥ አበቦች ሞተው የተደፋ ጥቁር አፈር በፌስታል ተሸክመው አምጥተው ጨመሩለት። ዘሩን ያወጡት ከአገር ቤት ከመጣላቸው ደረቅ በርበሬ ነው። ያን ቀን አስያም የሻሿን ጫፍ ቋጠሮ ፈታችና ከእናቷ ጓሮ የመጣ ደቃቅ ዘር አወጣች። እትዬ ማሚቴ በመዳፋቸው ይዘው አገላበጡትና ይሄ በርበሬ ሳይሆን የአይጥ ምላስ ነው አሉ። ቢሆንም አልጣሉትም፤ የወተት ዱቄት ጣሳ ውስጥ ዘሩትና ከሰልፉ መጨረሻ፣ ግድግዳው ጥግ አስቀመጡት። አስያ ሳቀች። ያኔ ገና ይሳሳቁ ነበር።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ የቡሬዎቹ ቅጠል ሰፋ፤ አበቡ፤ የመጀመሪያው ቃሪያ ተንጠለጠለ። እትዬ ማሚቴ ጠዋት ከመውጣታቸው በፊት እያንዳንዱን ባልዲ እንዴት አደርክ ይሉታል፤ እኛን አይሉንም። ያችን የመጀመሪያ ቃሪያ ለስድስት ቆርጠው አካፈሉንና ስናኝክ አፋችንን እያዩ ቆሙ። የእኔ ድርሻ ጫፏ ነበር፤ አታቃጥልም። አታቃጥልም ግን አላልኩም፤ መኝታዬን እወደዋለሁ።

ጉዱ የመጣው አንድ እሑድ ጠዋት ነው። አስያ የልብስ መቆንጠጫ በጥርሷ ይዛ በረንዳው ላይ ልብስ ታሰጣ ነበር። ዞር ስትል በርበሬው ዓይኗ ውስጥ ገባ። መቆንጠጫውን ከአፏ አወጣችና፣ «ዋላሂ፣ እንዲህ ያማረ በርበሬ አይቼ አላውቅም» አለች። ከዚያ መቆንጠጫውን መልሳ ነክሳ ወደ ልብሷ ዞረች። ማሻአላህ አላለችም። እንትፍ እንትፍም አላለችም። እትዬ ማሚቴ በሩ ላይ ቆመው የቀረውን ቃል ጠበቁ፤ አስያ አንሶላ እየዘረጋች ነበር።

በእኛ አገር ሰው የሌላውን ልጅ ቆንጆ ነው ብሎ ዝም አይልም። ወይ እንትፍ ይልበታል፣ ወይ «ምን ያስጠላል!» ብሎ ይሰድበዋል፤ ያለዚያ ዓይን ይገባበታል ይባላል። ለጥጃም ለዶሮም ያው ነው። እትዬ ማሚቴ ደግሞ በባልዲ ያሳደጉት ከልጅ የማይተናነስ ነገር ነው።

ሳምንቱ ሳይጋመስ በኩሩ ጠወለገ። ቅጠሉ አልደረቀም፣ ቢጫም አልሆነም፤ አረንጓዴ እንደሆነ ወደ ታች ተንጠለጠለ። ሲመሽ ትንሽ ቀና ይላል፤ በማግስቱ ፀሐይ ስትወጣ አንገቱን ይደፋል። አፈሩ ርጥብ ነው። ውሃ ያልጠማው ተክል ለምን ይጠወልጋል? ለእትዬ ማሚቴ መልሱ አንድ ነበር፤ እሱም ከላያቸው ይተኛ ነበር።

አንቺ ነሽ አላሏትም። እሳቸው እንዲህ ያለውን ነገር በደግነት ነው የሚናገሩት። ልብስሽን ከዛሬ ጀምሮ እኔ አሰጣልሻለሁ፣ አንቺ አትድከሚ አሏት። በየባልዲው ላይ ነጭ ሽንኩርት አሰሩ። አስያ ከሥራ ስትመለስ ተነስተው በርበሬውን በነጠላ ይሸፍኑታል፤ ስትተኛ ይገልጡታል። አስያ መጀመሪያ ልብሷ ሲሰጣላት ደስ ብሏት ነበር። የነጠላው ነገር ሲደጋገም ገባት፤ ፊቷ ላይ ያየሁት ድንጋጤ አሁንም ያሳዝነኛል።

ወሩ ደግሞ የጾም ነበር። ረመዳንና ዐቢይ ጾም ገጥመው ስለነበር አስያ ቀን አትበላም፣ እትዬ ማሚቴ የሚበሉትም ምስር ነው። ሁለቱም ተርበው፣ ሁለቱም ተቀይመው ተደራርበው ይተኛሉ። ቤዛ የምትባለው የክፍላችን ትንሿ እነሱን ለማስታረቅ ቴምር ገዝታ መጣች፤ እትዬ ማሚቴ አስያ ያላየችው ቴምር ካለ እበላለሁ አሉ።

እትዬ ማሚቴ በስልክ ሲያወሩ ስልኩ የሚያስፈልጋቸው አይመስለኝም፤ ድምፃቸው እንዲያው ይደርሳል። እዚሁ ጎረቤት ከተማ አጅማን ላለችው ጓደኛቸው ለሰላማዊት ደውለው ከላዬ የምትተኛዋ በርበሬዬን በዓይኗ በላችው አሉ። ስም አልጠሩም። ተናደው ስለነበር ግን ቡዳ የሚለውን ቃል ጠሩ። ሰላማዊት ደግሞ ሰምታ የምታስቀር ሰው አይደለችም።

እዚህ ላይ ነገሩ ከቀልድ አለፈ። አስያ አገሯ ሐይቅ ሙና የምትባል ልጅ አለቻት። እዚህ የሰው ቤት ወለል እየወለወለች ነው ያሳደገቻት። ከፋሲካ በኋላ የሙና ኒካሕ ሊታሰር ቀን ተቆርጧል፤ አስያም ሹግሏን ኸላስ ብላ፣ ሥራዋን ጨርሳ፣ ጠቅልላ ልትገባ ትኬት ይዛለች። አጅማን ደግሞ የሐይቅ ሰው ሞልቷል። አንድ ቀን የሙሽራው አክስት ከአገር ቤት ደወሉ። ስለ ጤናዋ፣ ስለ ሥራዋ፣ ስለ ሙቀቱ ጠይቀው ጠይቀው በመጨረሻ የእናቷ ወገን ከየት እንደሆነ ጠየቋት። ሽማግሌ ሄዶ፣ ቃል ታስሮ፣ ቀን ከተቆረጠ በኋላ ይሄ የሚጠየቅ ጥያቄ አይደለም። እንዲህ ያለ ስም በወጣበት ሰው ላይ ብቻ አይቀርም፤ ወደ ልጅ ይወርዳል።

አስያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ አለቀሰች፤ አልጋው ተንቀጠቀጠ። እትዬ ማሚቴ ከታች ተንጋለው ጣሪያቸውን፣ ማለትም የአስያን ፍራሽ፣ ያያሉ። ምን እንደተጠየቀች ሰምተዋል። አዘንኩባቸውም፣ አዘንኩላቸውም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አስያ በርበሬውን ላታይ ማለች። በበረንዳው በር ስታልፍ ሻሿን እስከ አፍንጫዋ ትስበዋለች፤ በዚህ የተነሳ ከፍሪጁ ጋር ተላትማ ግንባሯ አበጠ። ለምን እንዲህ እንደምትሆን ስጠይቃት ጎተት አድርጋ ወደ ኮሪደሩ ወሰደችኝ።

«በርበሬው ከዳነ ስሜም ይድናል» አለችኝ። «ከሞተ ግን ሙና ላይ ነው የሚሞተው።»

ስለዚህ ልታድነው ተነሳች። ዑምራ ሄዳ የመጣች ጓደኛዋ የሰጠቻት የመካ ውሃ፣ ዘምዘም ነበራት። ከሱሑር፣ ከንጋቱ ምግብ በኋላ፣ እትዬ ማሚቴ ሻወር ሲገቡ ጠብቃ፣ ከዘምዘሙ ጠብታ ማሰሮ ሙሉ የቧንቧ ውሃ ላይ ታደርግና ዓይኗን ጨፍና በረንዳ ትወጣለች። ባልዲዎቹን በእጇ እየዳበሰች ታጠጣለች። ለእኔ ነገረችኝና አደራ ለማንም አለችኝ። እትዬ ማሚቴ ደግሞ ከሥራ መልስ፣ አስያ ማፍጠሪያ ስታዘጋጅ፣ ከአገር ቤት በሃይላንድ የመጣላቸውን ጠበል በተመሳሳይ መንገድ ባልዲ ሙሉ ውሃ ላይ ጠብ አድርገው ያጠጣሉ። እሳቸውም ለእኔ ነገሩኝና አደራ ለማንም አሉኝ። የሁለቱንም አደራ ጠበቅሁ። በሃይማኖት ጉዳይ ጣልቃ አልገባም፤ ደግሞም አውቶቡሴ አይጠብቀኝም።

በኩሩ ከነጭ ሽንኩርቱ ጋር ሞተ። ከዚያ አጠገቡ ያለው ጠወለገ፤ ከዚያ ቀጣዩ። ሰልፉን ጠብቀው፣ ሳይጋፉ፣ ከበሩ ወደ ግድግዳው። እኔ በየቀኑ ሰልፍ የማይ ሰው ነኝና ይሄ ገረመኝ። ዓይን ተራ ይጠብቃል እንዴ ብዬ እትዬ ማሚቴን ጠየቅኳቸው። አስያ ተኝታ የምትዞረው በበሩ በኩል ስለሆነ ከዚያ ነው የሚጀምረው አሉኝ። ይህን ሲሉ ግን እንደ ወትሮው አልጮሁም።

ክሊኒካችን ውስጥ ያሉትን የጌጥ ተክሎች የሚንከባከብ ፉአድ የሚባል ልጅ አለ፤ ችግኝ የሚሸጥ ሱቅ ነው የሚሠራው፤ የወሎ ልጅ ነው። ነገሩን ስነግረው ሳቀ፤ የሙናን ጉዳይ ስጨምርበት መሳቁን ተወ። በቀጣዩ እሑድ ጓንት ይዞ መጣ። እትዬ ማሚቴ ዶክተር እንደሚቀበል ሰው ነጠላቸውን አጣፍተው ተቀበሉት። አስያ ክፍሉ ውስጥ፣ ጀርባዋን ለበረንዳው ሰጥታ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

ፉአድ ምንም ሳይል የመጨረሻውን የቡሬ በርበሬ ግንዱን ይዞ ነቀለው። እትዬ ማሚቴ የራሳቸው ጥርስ የተነቀለ ያህል ጮሁ። ከአፈሩ በላይ ያለው የግንዱ ሥር ጠቁሯል። ሥሮቹ ቡናማ ሆነዋል፤ በጣቱ ሲነካቸው ልጣጫቸው እንደ ተቀቀለ ሽንኩርት ተንሸራተተ፤ ሽታቸው ደግሞ ሌላ ነው። አፈሩን ጨበጠ፤ ውሃ በጣቶቹ መሃል ወረደ።

ፈንገስ ነው አለ። አፈር ውስጥ የሚኖር በሽታ ነው፤ ውሃ ሲበዛለት ይራባል፤ ሥሩን ያበሰብሰዋል። ሥሩ የበሰበሰ ተክል ውሃ ውስጥ ቆሞ በጥም ይሞታል። በኩሩ ከየት የመጣ አፈር እንደበላ ጠየቀ። እትዬ ማሚቴ የማዳም አበቦች ከሞቱበት አሉና ንግግራቸውን ሳይጨርሱ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ከዚያ ማን እንደሚያጠጣ ጠየቀ።

እትዬ ማሚቴ ቀድመው ጠበል እንደሰጡ ተናገሩ፤ በየቀኑ፣ ባልዲ ሙሉ። ከወዲያ ከአልጋው ጫፍ፣ ጀርባዋን እንዳዞረች፣ አስያ ዘምዘም እንደሰጠች ተናገረች። ቤዛ ደግሞ ስላሳዘናት የሩዝ እጣቢ ስታጠጣው እንደነበር አመነች። ፉአድ ባልዲዎቹን አየ፤ እኛን አየ፤ ከዚያ ሳህኖቹን አየ።

«ከሥር የሚወጣውን ውሃ የት ነበር የምትደፉት?»

«ጠበል ይደፋል እንዴ?» አሉ እትዬ ማሚቴ።

«ዘምዘም ይደፋል እንዴ?» አለች አስያ፣ እኩል።

ሁለቱም ተናድደው ነበር የተናገሩት፤ ሁለቱም በፉአድ ላይ። የተባረከ ውሃ የቆሻሻ ቱቦ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ እትዬ ማሚቴ የአንዱን ሳህን ለቀጣዩ ባልዲ፣ የቀጣዩን ለሚከተለው እየገለበጡ ነበር። አስያም ዓይኗን ጨፍና ያንኑ ታደርግ ነበር። በሽታውን በሁለት ሃይማኖት፣ ጠዋትና ማታ፣ በሳህን እየተሸከሙ ከባልዲ ባልዲ አድርሰውታል። ተራውን የጠበቀው ዓይን አልነበረም። መጀመሪያ ቤዛ ሳቀች፤ ከዚያ ሁላችንም፤ ከዚያ አስያ ስታለቅስ ሰማን።

ፉአድ ግድግዳው ጥግ ያለውን ጣሳ ያየው ያኔ ነው። የሁሉም ባልዲ ትርፍ የሚጠራቀመው እሱ ላይ ነበር። እሱ ግን ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ቅጠሉ ደቃቅ ነው፤ ጥፍር የሚያክሉ ፍሬዎቹ ወደ ላይ ተቀስረው ቀልተዋል። ፉአድ አፈሩን በጥንቃቄ ገለጥ አድርጎ ሥሩን አየ፤ ነጭና ጠንካራ ነው። ይሄን ሁሉ በሽታ ጠጥቶ ያልወደቀ በዘሩ ነው አለ። አንዳንዱ ዘር ከእናቱ ጀምሮ በሽታውን ይቋቋመዋል፤ የትም ሱቅ አይገኝም። የማን ዘር ነው ብሎ ጠየቀ።

እትዬ ማሚቴ ወደ አልጋው ጫፍ ዞሩ። «የእሷ ነው» አሉ፣ «የአስያ።»

ፉአድ የተቀዳለትን ሻይ ጠጥቶ ሳይጨርስ እትዬ ማሚቴ ስልካቸውን አነሱ። ሰላማዊት ሐሎ ሳትል፣ ስሚኝ፣ ዓይን አይደለም፣ የእኔ እጅ ነው፣ ፈንገስ ነው፣ ይህንን ለነገርሽው ሰው ሁሉ ንገሪ አሏት። ሰላማዊት ነገረች። በሰላማዊት መንገድ ነገረች። ሳምንት ሳይሞላ አጅማን ሁሉ ማሚቴን እጇን ፈንገስ ያዛት አለ። አንዷ ቅባት ላከችላቸው። ሌላዋ የማዳም ቤት ምግብ ማብሰሉን ለጊዜው ብታቆም ይሻላል ብላ መልእክት ላከች። ለማኅበር የሄዱ ጊዜ ዳቦውን ሌላ ሰው ይቁረስ ተባለ።

እኔ ተናድጄ ደውዬ ላስረዳ አልኩ። ስልኬን ከእጄ ወሰዱት።

«ተይው» አሉኝ። «ስለ እኔ ሲያወሩ ስለ እሷ ይረሳሉ።»

እንዳሉትም ሆነ። የሙሽራው አክስት እንደገና ደወሉ፤ አስያን ስለ ኒካሑ ድንኳንና ስለ በጉ ነው ያወሯት፤ ስልኩን ከመዝጋታቸው በፊት አብራሽ የምትኖረዋ በሽተኛ እጇ ተሻላት ወይ ብለው ጠየቁ። አስያ አልሐምዱሊላህ እየተሻላት ነው አለች። እትዬ ማሚቴ ከታች ሆነው የዳነ እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው አሳዩዋት።

አፈሩ ተጣለ፤ ባልዲዎቹ በበረኪና ታጥበው ፀሐይ ላይ ተደፉ። እትዬ ማሚቴ በአዲስ አፈር ሁሉንም የአይጥ ምላስ ዘሩባቸው። ቡሬ የት ሄደ ስላቸው ቡሬ ያሉ ዘመዶቼ ጋ ነው፣ እዚያ ይደግ አሉ። በረንዳው በር ላይ ቤዛ በትልልቅ ፊደል የጻፈችው ወረቀት ተለጠፈ፦ «መጸለይ ይቻላል፤ ማጠጣት ክልክል ነው።»

ፋሲካ አልፎ አስያ የምትሄድበት ቀን ደረሰ። ሻንጣዋ ተሞልቶ፣ ከላይ በገመድ ታስሮ በሩ ላይ ቆሟል። ታክሲው ከታች ጥሩምባ ይነፋል። ከሁላችንም ጋር ተሰነባበተች። በበረንዳው በኩል ስታልፍ ግን አሁንም ሻሿን ወደ ዓይኗ ሳበች፤ ለምዶባታል።

እትዬ ማሚቴ እጇን ያዙ። ሻሿን ራሳቸው ከዓይኗ ላይ ገለጡ። ከዚያ በረንዳው ላይ አወጧትና ችግኞቹ ፊት አቆሟት፤ ደቃቅ፣ አረንጓዴ፣ ከበሩ እስከ ግድግዳው። ነጭ ሽንኩርት የለባቸውም፤ ነጠላም የለባቸውም።

«እስኪ እይልኝ» አሉ። ድምፃቸው እኛ ጋ በጭንቅ ነው የደረሰው። «ደህና አድርገሽ እይልኝ።»

አስያ አላይም አለች። እትዬ ማሚቴ እጇን አለቀቁም። ታክሲው ደግሞ ነፋ። አስያ ቀስ ብላ ዓይኗን ከፈተች፤ ከመጀመሪያው ባልዲ ጀምራ አንድ በአንድ እስከ መጨረሻው አየች፤ እንባዋ በአገጯ ወረደ።

«ምን ያስጠላሉ!» አለች።

«አሜን» አሉ እትዬ ማሚቴ።

ከዚያ ሻንጣዋን ማንም እንዳይነካው ብለው ራሳቸው እየጎተቱ እስከ ሊፍቱ ወሰዱላት። ሊፍቱ እስኪመጣ ድረስ ሁለቱም በርበሬዎቹን እየተቀባበሉ ሲሰድቡ ይሰማኝ ነበር።